የማትነበበዋ ፊደል

ትናንት ጠዋት አባቴን መርፌ ላስወጋው አዳማ አንድ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ነርሷ ስትወጋው ጮክ ብሎ «ግድብ!» አለ።

ልጅቷ ደነገጠች። ወደ እኔ ዞር ብላ በሹክሹክታ «አባባ መዘባረቅ ጀምረዋል እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ደህና ነው... ስላመመው ነው» አልኳትና ታሪኩን እዚያው ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ገና ተማሪ ነኝ። አባቴ እዚሁ አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት በምትባለው፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። እንግሊዝኛ ሲወድ ለጉድ ነው... ሲናደድም ሲገረምም በእንግሊዝኛ። መቂ ዘመድ ጠይቀን ከእናቴ ጋር ሦስታችን በአውቶብስ ስንመለስ ቆቃ አጠገብ ኬላ ላይ «ውረዱ፣ ፍተሻ!» ተባልን።

ዕቃ ከአውቶብሱ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የአንዲት ሴትዮ ጀሪካን ተንሸራቶ አባቴ እግር ላይ አረፈ። ያደረገው ደግሞ ክፍት ጫማ ነው።

«ዳም!» ብሎ ጮኸ።

ጠመንጃ የያዘው ወጣት ጠባቂ እየሮጠ መጣ። «ምን አልክ አንተ?»

«ምንም... ዳም ነው ያልኩት።»

«ዳም ግድብ ነው! ከግድቡ ጋር ምን አገናኘህ?»

ለካ ልጁ የማታ ተማሪ ነው። ሌላ እንግሊዝኛ ባይሆንለትም የሚጠብቀውን ነገር ስም በደንብ አጥንቷል። ያን ጊዜ የቆቃ ግድብ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። ከኬላ ተነጥሎ የተወሰደ ሰው የት እንደደረሰ ማንም አይነግራችሁም። ተሳፋሪው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

«ጓድ፣ ይሄኛው ስድብ ነው» አለ አባቴ።

«ማንን ነው የሰደብከው?»

«ማንንም። የተረገመ እንደማለት ነው።»

«ማነው የተረገመው?»

«ጀሪካኑ!»

ጠባቂው ግንባሩን ቋጠረ። «እሺ፣ ግድብ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

ምናለ «አላውቅም» ቢል! አስተማሪ ነዋ... «ዳም» አለ።

«ስድቡስ?»

«ዳም። ግን ስድቡ መጨረሻው ላይ ኤን የምትባል ፊደል አለችው... አትነበብም።»

«ካልተነበበች ምን ትሠራለች? ተደብቃ ነው?»

አባቴ ጭራሽ ሊያስረዳው አፉን ከፈተ። ጠባቂው ግን «አንተ ወደዚህ ና!» ብሎ ከኬላው አጠገብ ያለችውን የቆርቆሮ ቤት አሳየው። እኔ ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

ይሄኔ እናቴ መሀል ገባች። «ማሎ ልጄ፣ እስቲ እግሩን እየው» አለችው።

ጎንበስ ብሎ አየ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ተነቅሎ ጫማው ደም በደም ሆኗል። የልጁ ፊት ትንሽ ረገብ አለ።

«እርስዎ እንዲህ ሲመታዎት ምን ይላሉ?» አላት።

«እኔማ ውይ ማርያም ነው የምለው።»

«እሳቸውስ ለምን እንደርስዎ አይሉም?»

«ምን ላድርገው ልጄ... እሱን የሚያመውም በእንግሊዝኛ ነው!»

ጠባቂው ሳቁ አመለጠው። ተሳፋሪው እሱን አይቶ ነው የሳቀው፣ ቀድሞ ማን ይደፍራል! እናቴ ግን እየሳቀች እንባዋ ይወርድ ነበር። ልጁ ከኪሱ መሀረብ አውጥቶ የአባቴን እግር እንድታስርበት ሰጣት። ድምፁን ዝቅ አድርጎም «ዝም ብዬ አሳልፌያችሁ አንድ ነገር ቢደርስ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አላት። ለካ እሱም ፈርቶ ኖሯል... አንጀቴን በላው።

አባቴን ደግፎ ወደ አውቶብሱ እያወጣው «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ ይጩሁ» አለው።

አባቴም ቃሉን ጠበቀ። ሲያመው «ግድብ!» ይላል። መጀመሪያ እኛን ለማሳቅ ነበር፣ ኋላ ለመደበት።

ነርሷ ስቃ ስታበቃ «አባባ፣ አሁን እኮ በእንግሊዝኛ ቢሉትም ማንም አይጠይቅዎትም» አለችው።

አባቴ በሩን አየት አደረገና «ይቅርብኝ ልጄ፣ ግድብ ይሻለኛል» አላት።

ጥፍሩስ ድሮ በቅሎለታል... እስካሁን የሚያመው እንግሊዝኛው ነው።