ከሁለቱም ጫፍ

በጤና ጣቢያው የኮምፒውተር ክፍል «እመት ልቃቂት» ይሏታል፤ ውሉ የጠፋ ነገር ሁሉ የሚወረወረው እሷ ላይ ነውና። ሰኞ ዕለት የእናቶችንና የሕፃናትን ማኅደር ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ አዛወረች። አንድም ሰው ሳይጠፋ አደረሰች ብለው አጨበጨቡላት፤ እሷም፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ትንሽ ተኮፍሳ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ታናሽ እህቷ ሕፃን ታቅፋ በሩን በርግዳ ገባች። ታላቂቱ ሥራ አመካኝታ ከታናሿ ሠርግ ከቀረች ወዲህ ሁለቱ ተኳርፈው ከርመዋል፤ ሕፃኑንም ገና አላየችውም።

«የሰው ልጅ ሁሉ በስልክ ለክትባት ሲጠራ የኔ ልጅ ምን አጠፋ? ማክሰኞ አስመዝግቤዋለሁ። ወይስ እዚህም ቂም ይያዛል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

ማኅደሩን ከፈተች። በሕፃኑ በኩል እናቱ አለች፤ በእናቱ በኩል ግን ልጅ የሚባል ነገር የለም። ከሰኞ ወዲህ የተመዘገቡት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። የጥሪው መልእክት የሚነሳው ደግሞ ከእናቶች ማኅደር ነው።

«በይ እንግዲህ» አለ ጫጫታውን ሰምቶ የመጣው የክፍሉ ኃላፊ፤ «የክትባት ክፍሉ ቀትር ላይ ይዘጋል።»

አሮጌው ሰርቨር ደግ ሽማግሌ ነበር፤ «ይህ ሕፃን የእሷ ነው» ካሉት በራሱ ፈቃድ ወደ እናትየው ዞሮ ልጇን ያስታቅፋታል። ሠራተኛውም ለምዶ አንዱን ጫፍ ብቻ አስሮ ይተኛ ነበር። አዲሱ ግን ካዘዙት አንዲት ስንዝር አያልፍም፤ ያልታሰረውን ጫፍ እንደተንጠለጠለ ይተወዋል። ይህን ስትረዳ በራሷ ተናደደች፤ ሌላው ቢቀር እሷ ማወቅ ነበረባት።

ሁለቱንም ጫፍ የሚያስር ትእዛዝ ጻፈች፤ ተንጠልጥለው የቀሩትንም አንድ በአንድ አገናኘች። ወዲያው የእህቷ ስልክ ጮኸ። በኮሪደሩም ሌላ ስልክ ተከተለ።

«ደረሰኝ» አለች እህትየው፤ ልትወጣም ፊቷን አዞረች።

«ቆይ እስቲ» አለች ታላቂቱ ከወንበሯ ተነሥታ። «እኔ እኮ … እህቴ አይደለች እንዴ፣ ነገሩ በራሱ ይስተካከላል ብዬ ቁጭ አልኩ። መደወል ነበረብኝ። ናፍቀሽኛል።»

እህትየው በሩ ላይ ቆመች፤ ሕፃኑን አየት አደረገችው፤ ከዚያም ታላቋን።

«እኔስ መቼ ደወልኩ» አለች ቀስ ብላ። ቀጥላም እንደ መቆጣት አለችና፣ «በይ እጅሽን ታጠቢና ያዢው። ሲወጋ የምታባብዪው አንቺ ነሽ፤ እኔ ማየት አልችልም።»

አክስቲቱ እስከ ክርኗ ታጠበች።