በማተብ ክር የታሰረው ፍላሽ

ባለፈው ሳምንት መሳቢያዬን ሳጸዳ በጥቁር የማተብ ክር የታሰረ ፍላሽ እጄ ገባ። ክሩ አሁንም የጧፍ ሽታ አለው፤ ወይም ያለው መሰለኝ። ባለቤቱ የአባቴ ተማሪ የነበረ ዲያቆን ነው። ፍላሹን አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር አንጠልጥሎት ሲዞር፣ «ክርስትና አነሳኸው እንዴ?» እያልኩ እስቅበት ነበር። አሁን ልስቅ ብል ሳቁ አልመጣ አለኝ።

ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር እማር ነበር። ዲያቆኑም ከቅኔ ቤቱ ጎን ለጎን እዚያው ተመዘገበ። ማውሱን እንደ ጸናጽል ይዞ ግራ ሲገባው ያሳየሁት እኔ ነኝ። ድረ ገጽ መሥራትም ከኔ ነው የተማረው። ብዙ ኮተት የማይፈልግ ቀላል ፍሬምወርክ፣ የተዘጋጀ የኮድ ማዕቀፍ፣ ነበረን፤ ስድስት ሰባት መስመር ከጻፉለት ገጽ ይከፍታል። ነፋሱ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲያንኳኳ እኛ ትንንሽ ገጾች እንሠራለን፤ እኔ የውጤት መደመሪያ፣ እሱ የመዝሙር ማውጫ። የመጀመሪያዋ ገጽ የተከፈተችለት ቀን ብድግ ብሎ ሊያሸበሽብ ምንም አልቀረው።

ከዚያ የባሕረ ሐሳቡን ነገር አመጣ። ዓመቱን ወስዶ፣ አበቅቴና መጥቅዑን አስልቶ፣ የትኛው ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል የሚናገር ገጽ ልሥራ አለ። ስሌቱን የሚያውቀው አባቴ ነበር። አባቴ መርጌታ ነው፤ ባሕረ ሐሳብን በጣቱ አንጓ ቆጥሮ የሚጨርስ። እኔ በልጅነቴ አስተምረኝ ብዬ ለምኜው፣ «ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል? አንቺ አስኳላሽን አጥኚ» ብሎ መልሶኛል።

አሁን ግን ከትምህርት ስመለስ ሁለቱን ግቢያችን ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። አባቴ ጣቱን ያጥፋል፣ እሱ ይጽፋል። «ለእንቁጣጣሽ የዘመኑን አዋጅ ከዚህ ነው የምናነበው» አለኝ አባቴ አንድ ቀን። ቀጥሎም፣ «እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖረኝ እኮ ሞትን አልፈራም ነበር» አለ። እኔ የገዛ ልጁ ፊቱ ቆሜ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ኋላ የመጣ ዓይን አወጣ እያልኩ ሳጉረመርም ከረምኩ።

ሰኔ ላይ ዲያቆኑ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «እስኪ እይልኝ፣ እኅቴ።»

ኮዱን ቁልቁል አነበብኩት። ያምር ነበር። አንድ መስመር ላይ ግን ዓይኔ ቆመ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ፣ ዲያቆኑ ከፈረንጁ ዓመት ሁልጊዜ ስምንት ይቀንሳል። ያን ቀን ልክ ነበር፤ እስከ ጳጉሜንም ልክ ነው። ከመስከረም አንድ ጀምሮ ግን ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ገጹ አዲሱን ዓመት ትቶ ያለፈውን ያወጣል። ዲያቆኑ በሕዝብ ፊት ሲያፍር፣ አባቴም ዞር ብሎ እኔን ሲፈልግ ታየኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምንም አይወጣለትም።»

መስከረም አንድ ቀን ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆመ። እርጥቡ ሣር ይሸታል፤ ፀሐይዋ ክረምቱን ሙሉ ተደብቃ ከርማ ነጠላውን ሁሉ ታበራዋለች። ዲያቆኑ ስልኩን ከፍቶ ሊያነብ ሲወጣ አባቴ እጁን ዘረጋ። «አምጣው ልጄ፣ እኔ ላንብበው» አለና መነጽሩን አደረገ። ያን ጊዜ መጮኽ ነበረብኝ። ስንት ዓመት ያለ ወረቀት ያወጀውን፣ ለዚያ ልጅ ክብር ብሎ፣ ከስልክ አነበበው፦ «ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ...»

የገባው ዘመነ ሉቃስ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከወንዶቹ በኩል፣ «የኔታ፣ ማርቆስንማ ትናንት ሸኘነው እኮ!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም፣ ግን ሳቀ። አባቴ ስልኩን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። ዲያቆኑ እግሩ ላይ ወድቆ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። አባቴ አነሣውና አዋጁን እንደ ድሮው በቃሉ ጨረሰው። ድምፁ ግን የድሮው አልነበረም። በዓመቱ እንዲያውጅ ሲጠይቁት፣ «አርጅቻለሁ» ብሎ ለሌላ ተወው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ነቀዘ።

ዲያቆኑ በጥቅምት ወደ ደብረ ታቦር ሲሄድ ፍላሹን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ። «እኔ ልከፍተው አልቻልኩም። አንቺ አርሚው» አለኝ። ተቀበልኩት እንጂ አልከፈትኩትም። ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። አባቴም ሳልነግረው አረፈ።

ባለፈው ሳምንት ከፈትኩት። ስምንቱ እዚያው አለ። ከጎኑ ግን እኔ ካየሁት በኋላ የጨመራት አጭር ማስታወሻ ነበረች፦ «ይህን መስመር ተጠራጥሬው ነበር። እሷ አይታዋለች፤ ልክ ነው።»

ስምንቱን አረምኩት። ገጹ የዘንድሮውን ዘመን በትክክል አወጣ። ማስታወሻዋን ላጠፋት ብዬ ብዙ ቆየሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።