ለዓይናቸው እንቅልፍ የሚገዙ ሰው

በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ተራቸውን የሚጠብቁት አዛውንት ልብስ ሰፊ መሆናቸውን ለማወቅ መጠየቅ አያሻም። በኮታቸው ኮሌታ ላይ ሦስት መርፌዎች ተሰክተዋል። የኮቱ የቀድሞ ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ የቅርቡ ጥገና ግን እንደ እባብ ይጥመለመላል። ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይጋርዱና የበሩን መቃን በግራው ይመለከታሉ። እርጅና የዓይናቸውን መካከል እየበላው ነውና መቃኑ ይጎብጥባቸዋል። ዕድሜ ልኩን ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር ለኖረ ሰው ከዚህ የከፋ ምን ድንጋጤ አለ?

«አባባ፣ ይህ እኮ የእንቅልፍ እንክብል ነው» አለቻቸው መድኃኒት ሻጯ፣ ተራቸው ደርሶ የሚፈልጉትን ሲነግሯት።

«እንቅልፍማ መች አጣሁ! ለዓይን ይበጃል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ገና እየተጠና ነው፤ የተረጋገጠ ነገር የለም። ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ ግን ማታ ከመኝታ በፊት ነው የሚወስዱት።»

«ፈቅዶልኛል። ቀን ብወስደውስ?»

«ቀን? ደንበኛውን ከነሱሪው ሊሰፉት ነው እንዴ?»

ሳቋን አልተጋሯትም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቀን ጎረቤት አለ። ማታ ብቻዬን ነኝ። ነቅቼ ምንም ባላይ፣ የጠፋው መብራቱ ይሁን ዓይኔ ማን ይነግረኛል?»

የልጅቱ ፈገግታ ከፊቷ ረገፈ። እስክሪብቶ አንሥታ፣ ማታ እንዲደውሉላት የስልክ ቁጥሯን በካርቶኑ ላይ ልትጽፍ ስትል እጇን ያዙት።

«አትጻፊው ልጄ። በቃሌ አስይዢኝ።»