በጠመኔ የተሳለው ባቡር

ከባለቤቴ ከግርማ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ጋቢ ማጠፍ ነበር። አሜሪካ፣ ኦሮራ በሚባል ከተማ ባለው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ፣ እሱ በመስኮቱ በኩል ሁለቱን ጫፍ ይዞ፣ እኔ በበሩ በኩል ሁለቱን ይዤ ሳብ ሳብ አደረግነው። "ቀስ፣ ትጥይኛለሽ" አለኝ። ጋቢ ባጠፍን ቁጥር የሚላት ነገር ናት። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ልቡ ቆመ።

ሰሞኑን ያንን ጋቢ ከቁም ሣጥን አወጣሁት። ጠርዙ ላይ ሮዝ እድፍ አለበት። የጠመኔ ነው፤ ስንት ጊዜ አጠብኩት፣ አለቀቀም።

እድፉ ሲነካው ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አሜሪካ ከገባን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ግርማ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ታምሩ ሲያትል ይኖራሉ። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ግርማን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ከቤት አይወጡም፤ መሄድ የነበረብን እኛ ነን።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። ወደዚህ አገር ስንመጣ አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ ገብቶ ሲናጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ክንድ ቧጥጬ አድምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ መብረር ሲወራ እንኳ እጄን ያልበኛል። በስደቱ መንገድ የተሰበረው የግርማ እግር ደግሞ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አያስችለውም። በአውቶቡስ ሞክረን፣ እግሩ አብጦ ከመንገድ፣ ገና ከዋዮሚንግ ተመልሰናል። እሱ ለብቻው በርሮ መሄድ ይችል ነበር። ያለ እኔ አልሄድም አለ። ወደዚያ በቀጥታ የሚሄድ ባቡር ባይኖርም፣ ሰው ሲጠይቀው "ባቡር እየጠበቅን ነው" ይላል እንጂ ፍርሃቴን ለማንም አውጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ከሥራ ገባ። "አብራኝ የምትሠራዋ ፈረንጅ ቅዳሜ በሌሊት ባቡር እንሄዳለን አለችኝ። አልጋ ያለው። ትራስና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ጠዋት ጣቢያው ጋ ኑ ነው ያለችው።"

"የሌሊት ባቡር በጠዋት?"

"ሌሊቱ መንገድ ላይ ነው የሚመጣው።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ፈለጋችሁበት ብላኛለች።"

አገሩን ስላላወቅነው ይህም ይቻል ይሆናል ብለን አመንን። ሦስት ቀን ስንቅ ሳዘጋጅ ሰነበትኩ። ዳቦ ቆሎ ቆላሁ፣ ጭኮ አሸሁ፣ ለጋሽ ታምሩ በርበሬና ሽሮ ጠቀለልኩ። ግርማ ደወለላቸው። "ጋሼ፣ ሰኞ ጠዋት በርዎ ላይ ነን።" ሲያለቅሱ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ 15 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈርን። መስከረም ነበር። ዛፉ መቅላት ጀምሯል፣ በስተምዕራብ ተራራው ጫፍ ላይ አዲስ በረዶ ጥሏል። እኔ የሀበሻ ቀሚሴን ለብሻለሁ፣ ግርማ ሱፉን ለብሶ ጋቢ ደርቧል። ጣቢያው ደጃፍ ስንደርስ ትልልቅ ሰዎች በፒጃማ ቆመዋል። አንዱ ጥርሱን ይቦርሻል፣ አንዷ አሻንጉሊት አቅፋለች። መሬቱ ላይ በሮዝ ጠመኔ ረጅም ባቡር ተስሏል፤ መስኮቱ፣ አልጋው ሳይቀር። ሰዎቹ እየገቡ ይጋደማሉ። የባቡር ሠራተኛ ቆብ ያደረገ ሰውዬ ከአልጋ አልጋ እየዞረ ያለብሳቸዋል። በላያቸው "አውሮፕላን ይብቃን፣ የሌሊት ባቡር ጨምሩልን" የሚል ጨርቅ ተወጥሯል።

"ግርማ፣ ባቡሩ የታል?"

የሥራ ጓደኛው እየሮጠች መጥታ የሌሊት ባቡር እንዲጀመር የሚጠይቅ ሰልፍ መሆኑን አስረዳችው። ሰምቷት ወደ እኔ ዞረና በጫማው ጫፍ ጠመኔውን አሳየኝ። "ይኸው ነው" አለኝ።

ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በር በሩን የሚያዩት ጋሽ ታምሩ ናቸው ፊቴ የመጡት። ግርማ ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈና ተጋደመ።

"ነይ ተሳፈሪ። የመስኮቱ በኩል ያንቺ ነው።"

"ሰው ያየናል።"

"በፒጃማ ከመጣው እኛ እንሻላለን።"

ተጋደምኩ። እዚያው እንደተኛ ለወንድሙ ደወለ። "ጋሼ፣ ተሳፍረናል። ግን ባቡሩ አይንቀሳቀስም።" ነገሩን ሲነግራቸው ጋሽ ታምሩ "ሹፌሩን ስጠኝ" አሉ። ግርማ ስልኩን ለባለ ቆቡ ሰጠው። ጋሽ ታምሩ በአማርኛ ይቆጡታል፣ ሰውዬው "የስ ሰር፣ የስ ሰር" ይላል። ግርማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ዳቦ ቆሎውን ለፒጃማ ለባሾቹ አዞርኩ። አንዲት ሽበታም ሴት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛዬ የመንገድ ስንቅ ነው አልኳት። "በእውነት ልትሄዱ ነበር እንዴ?" ብላ እጄን ይዛ ቆየች።

ከዚያ በኋላ ሰልፈኞቹ በጠሩን ቁጥር ጋቢያችንን ይዘን እንሄድ ነበር። ባቡሩ አልመጣም። ጋሽ ታምሩ በደወሉ ቁጥር "ሹፌሩ ደህና ነው?" ይላሉ፣ ሁላችንም እንስቃለን። እኔ ሳቁ ውስጥ ተደበቅኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ "በአውሮፕላን እንሞክር" አላልኩም። ግርማም አልጠየቀኝም። እምቢ እንደምለው ስለሚያውቅ፣ እምቢ ከማለት ያዳነኝ ይመስለኛል። ወንድማማቾቹ ሳይተያዩ ቀሩ።

ጋሽ ታምሩ ለቀብሩ መምጣት አልቻሉም። በአርባው ደወሉልኝ። ስለ ሹፌሩ አልጠየቁኝም። "ልጄ፣ ልጅነቱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ትልቅነቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ" አሉኝ። "መጥተሽ ንገሪኝ።"

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያው ጣቢያ ወደ ኤርፖርት የሚሄደውን ባቡር እሳፈራለሁ። ጋቢውን በቦርሳዬ እይዛለሁ። መጨረሻው ላይ እወርድና መስታወቱ አጠገብ ቆሜ አውሮፕላን ሲነሳ አያለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ብቻ አይቼ ተመለስኩ። ባለፈው ቅዳሜ ሰባት አየሁ። ትኬት ገና አልቆረጥኩም።