ለአፈር የቀረበ ገለባ

ገለባ የበሬ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ያደግሁት፤ አባቴም ሌላ አልነገረኝም። ታዲያ አንድ በልግ ላይ ገለባዬን ወስጄ ለነጭ ሽንኩርት መደብ አለበስኩት። ለምን ብትሉኝ ግማሹን እመልስላችሁ ይሆናል፤ ግማሹን ግን እኔም እስካሁን አላገኘሁትም።

መንግሥት ተለውጦ፣ መሬትም ተደልድሎ ካበቃ በኋላ ነው። የዚያ ዓመት በልግ የካቲት ላይ ጠብ ጠብ አለና ቆመ። መካነ ሰላም ገበያ የሚሄደውም የሚመለሰውም ሰማይ ሰማይ ያያል። ልጆቻችን ዐረብ አገር ናቸው፤ ቤት የቀረነው እኔና ባለቤቴ ነን። የጓሮውን ሽንኩርት የምታጠጣው እሷ ናት። ጧትም ማታም ከምንጭ ጀሪካን አዝላ ትመጣለች፤ ከዚያ ወገቧን ይዛ ቁጭ ትላለች። እኔ ልውረድ ስላት «ጀሪካን አዝለህ ልታሰድበኝ ነው?» ትላለች።

በዚህ መሀል የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ መጣች። ወጣት ናት፣ ሰው አክባሪ። የሽንኩርቱን መደብ ዞር ዞር ብላ አየችና፣

«ጋሼ፣ አፈሩን ገለባ ያልብሱት። ፀሐይ አይመታውም፣ ውኃው ይቆይለታል። እትዬም በቀን አንዴ ቢያጠጡ ይበቃል» አለችኝ።

«በሬዬስ ምን ይብላ?»

ወደ ገለባው ክምር ዞር አለች። «ጥቂት ይተርፍ የለ?»

አይተርፍም። የገብስ ገለባዬ ክምር ከወገቤ ወርዷል። በሬዬ አንድ ነው። ጎረቤቴም አንድ በሬ አለው፤ ሁለቱን አብረን እንጠምድና በየተራ እናርሳለን፣ መቀናጆ ነን። የኔው ከከሳ ጎረቤቴ ሌላ ባለ በሬ ይፈልጋል፣ የኔ መሬት ጦሙን ያድራል።

ክምሩን አያለሁ፤ የባለቤቴን ወገብ አያለሁ። በመጨረሻ አንድ እቅፍ ይዤ ወጣሁ። በሬው ለሱ የመጣ መስሎት አንገቱን ዘረጋ። አልፌው ሄድኩ። ያን አስተያየቱን ዛሬም አልረሳሁት።

ጎረቤቴ ከአጥር ወዲያ ቆሞ ያያል። «አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮ ሽንኩርት ጠምደህ ልታርስ ነው እንዴ?»

«አፈሩ እንዳይደርቅ ነው።»

«ወላሂ በሬህ ቀድሞ ይደርቃል! እኔ በሬዬን ከአጥንት ጋር አላቀናጅም፤ ከወዲሁ ልንገርህ።» እየሳቀ ነው ያለው። ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ባለቤቴም መጣች። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ለወገብሽ ነው።»

«ወገቤን ማን ጠየቀህ? በሬው ቢሞት ወገቤ ሊያርስልህ ነው?»

ከዚያ ወዲያ እኔ ገለባውን አለብሳለሁ፤ እሷ ዞር ስል ዘገን አድርጋ አንስታ ለበሬው ትሰጣለች። እኔ ደግሞ ከክምሩ አምጥቼ እመልሳለሁ። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። በሬው አፈር የነካው ገለባ እየበላ ያስነጥሳል።

ጥቂት ሰንብቶ ከገለባው መሀል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። አረም ነው ብዬ ጎንበስ ብል፣ ገብስ! አውድማ ላይ ከገለባው ሳይለይ የቀረ ፍሬ እርጥበት ሲያገኝ በቅሏል። የግብርና ሠራተኛዋ «ይነቀል፤ ሽንኩርቱን ይሻማዋል» አለች። ባለቤቴ ደረቷን መታች። «እህል በለጋው ይነቀላል? ግፍ ነው!» ጎረቤቴን ጠርቼ ባሳየው ጺሙን እያሻሸ ቆየ።

«ያረቢ! ማሳም አይደል፣ ጓሮም አይደል። እኔ ምን ልበልህ?»

እኔም እጄን ወደ ገብሱ እሰዳለሁ፤ ሳልነቅል እመልሰዋለሁ።

አንድ ጧት ብወጣ በሬው ገመዱን በጥሶ መደቡ መሀል ቆሟል። ገብሱን እየነጨ ነው፤ አንዳንዱን ሽንኩርትም ረግጦታል። ዱላ ሳነሳ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተወው። የራሱን ገለባ ነው የሚበላው።»

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ተመለሰ፤ ሣርም በቀለ። ሰኔ ሲገባ ጎረቤቴ በሬውን እየነዳ መጣና የኔውን ከፊት ከኋላ አየው።

«አጥንቱን የት ደበቅኸው?» አለና ቀንበሩን አነሳ።

በሬውን ከክሳት ያነሳው ገብሱ ይሁን ሣሩ አላውቅም። አንድ እፍኝ ቡቃያ በሬ ያነሳል? አይመስለኝም። ገለባ የለበሰው አፈር ግን ጣቴን ስሰድበት እርጥብ እንደነበር አውቃለሁ።

በሚቀጥለው በልግ ባለቤቴ ራሷ ከክምሩ አንድ እቅፍ ገለባ ይዛ ወጣች። አንገቱን የዘረጋውን በሬ አልፋው ሄደች። መደቡ ላይ ስትበትነው ገርሞኝ፣

«ለሽንኩርቱ ነው?» አልኳት።

«ምን ሽንኩርት! ለበሬው ነው እንጂ። ገብሱ ይብቀልለት።»

ጀሪካኑ ግን ያን በልግ ምንጭ የሚወርደው በቀን አንዴ ብቻ ሆነ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።