ሬዲዮ የሚሉት ፀጉር አስተካካይና የልጁ ቁጥሮች

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ የሚያውቀው «ሬዲዮ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እሱም አልተቀየመም። መቀስ ካነሣበት ደቂቃ አንሥቶ ፎጣውን እስኪያራግፍ ድረስ አፉ አያርፍም። ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ የማይነካው ነገር የለም። ሱቁ ሁለት የሚሽከረከር ወንበር፣ ሁለት ትልልቅ መስታወትና ከግድግዳው ጋር የተጠጋ አንድ ረጅም አግዳሚ ያላት ጠባብ ቤት ናት። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ይቀመጣል፤ ተራ የማይጠብቅም ይቀመጣል። እኔ ራሴ ፀጉሬ ሳያድግ ስንት ቀን ሄጃለሁ፣ ወሬ ለመስማት ብቻ።

ከስድስት ዓመት በፊት ግን ሬዲዮው ድንገት ጠፋ። ይመጣል፣ ሱቁን ይከፍታል፣ ይቆርጣል፤ ቃል አይተነፍስም። ከሁሉ የቆዩት ደንበኛው ጋሽ ሜዳው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ስሙ የወጣላቸው አናታቸው ላይ ለምልክት እንኳ አንድ ፀጉር ስለሌለ ነው። ዝምታው ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ አላስቻላቸውም።

«ምነው ልጄ፣ ባትሪ ጨረስክ እንዴ?» አሉት።

ሬዲዮ ምላጩን አስቀመጠ። «ልጄ ስኳር አለባት አሉኝ» አለ። ከዚያ ምላጩን መልሶ አነሣ።

ልጅቷ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አንድ ልጁ ናት። ወር ያህል ውሃ አልጠግብ አለች፤ ከክፍል በየሰዓቱ ሽንት ቤት ትመላለሳለች፤ ቀሚሷ በላይዋ ላይ ሰፋባት። እናትና አባት «እየተመዘዘች ነው፣ ማደጓ ነው» ብለው ተጽናኑ። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ መነሣት ሲያቅታት ታቅፈው ሐኪም ቤት ሮጡ። ሳምንት ተኝታ ወጣች። ሲወጡ የኢንሱሊን መርፌ፣ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የስኳሩን መጠን የሚያነብ መለኪያና ቁጥር የሚጻፍበት ደብተር ተሰጣቸው። ስንት ጊዜ መወጋት እንዳለባት፣ ምን ያህል እንደምትበላ፣ ስኳሩን ከፍ የሚያደርገው የምግቡ ካርቦሃይድሬት እየተቆጠረ እንደሚጻፍ ሁሉ ተነገራቸው። ፍርሃቱን ምን እንደሚያደርጉት ግን አልጠየቁም፤ የነገራቸውም አልነበረም።

ሰው ደግሞ ምላሱን አይሰበስብም። «ከረሜላ አብዝታችሁባት ነው» ያለ ነበር። እናትየው ፖስታ ቤት ደብዳቤ የምትለይ፣ ነገር የማይምታታባት ሴት ናት፤ ያቺን ቃል ግን ዋጠቻትና ሆዷ ውስጥ አስቀመጠቻት። ክሊኒክ ያሉት ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏቸው፣ «ከረሜላ አላመጣውም፤ ሰውነቷ ኢንሱሊን መሥራት አቁሞ ነው፤ ማንም ያጠፋው ጥፋት የለም» ብለው ሁለት ጊዜ ነግረዋታል። ጆሮዋ ሰማ፤ ሆዷ አልሰማም።

ባልየውስ? ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ሲያንሸራትት እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው፣ ያቺን ፀጉር የምታህል መርፌ ሲያይ ፊቱ አመድ ይመስላል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ሚስቱ ላይ ወደቀ። ትለካለች፣ ትወጋለች፣ ትጽፋለች፣ ትምህርት ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች። መደወሉ አላረካት ሲል ፈቃድ ወስዳ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ መዋል ጀመረች። ጥበቃው አዘነላትና ጃንጥላ አዋሳት።

ቤት ውስጥ ሰላምታ ተረሳ። ባል ከሥራ ሲገባ «እንዴት ዋላችሁ» ማለቱን ትቶ «ስንት ነው?» ይላል። ሁለት መቶ አርባ ከሆነ፣ ከፍ ብሏል ማለት ነውና፣ እናት «ምን በልተሽ ነው?» ብላ ዓይኗ ይሞላል። አባት ከንፈሩን ነክሶ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ልጅቷ መሐል ላይ ቆማ ሁለቱን ታያለች።

ትንሽ ቆይቶ ልጅቷ «እኔው እለካለሁ፣ እኔው እጽፋለሁ» አለች። ቁጥሩም አማረ። መቶ አሥር፣ መቶ አምስት፣ መቶ አሥራ ስምንት። ወላጆቿ ደብተሩን እያገላበጡ ሦስት ሳምንት ደስ ሲላቸው ሰነበቱ። ቀጠሮው ደርሶ ሲስተር ዘንድ ሲቀርቡ ግን፣ ሴትየዋ መለኪያውን አንሥተው አንዲት ቁልፍ ተጫኑ። ለካ መሣሪያው የለካውን ሁሉ ያስታውሳል።

«የኔ ቆንጆ» አሉ ሲስተር፣ ደብተሩንና መለኪያውን ጎን ለጎን አስቀምጠው፤ «ማክሰኞ መቶ አምስት ብለሻል። ይሄ ደግሞ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ይላል። የትኛው ነው የተሳሳተው?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «መለኪያው አልተሳሳተም።»

እናት ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሲስተር በእጃቸው ገቱዋት። «ታዲያ ለምን እንዲህ ጻፍሽ?»

«ከፍ ሲል እማዬ ታለቅሳለች፤ አባዬ ዝም ይላል። ጣቴን ስወጋው አያመኝም። ፊታቸው ነው የሚያመኝ።»

ሬዲዮ ይህን ሲያወራ እስከ ዛሬ እዚህች ላይ ሲደርስ መቀሱን ያስቀምጣል።

ሲስተር ልጅቷን በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያሉትን ዓሣዎች እንድታይ ወደ መጠበቂያው ክፍል ላኩና ወደ ወላጆቿ ዞሩ። «ስሙኝ» አሉ። «ቁጥር የፈተና ውጤት አይደለም። ወዴት እንደምንሄድ የሚነግረን ነገር ነው፤ ከፍ ካለ ከፍ አለ፣ ዝቅ ካለ ዝቅ አለ፣ የሚደረገውን እናደርጋለን። ጎበዝ፣ ሰነፍ የሚባል ቁጥር የለም። ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ልጃችሁን ሰላም በሉ፤ ስኳሩ የትም አይሄድም።» ከዚያ እናትየዋን አዩዋት። «አንቺ ደግሞ ብቻሽን ተሸክመሽው ዓመት አትዘልቂም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የራስሽ ይሁን። ይሄ ሰውዬ እጅ የለውም እንዴ?»

«መርፌ እፈራለሁ፣ ሲስተር» አለ ሬዲዮ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፀጉር እቆርጣለሁ፤ ጢም እላጫለሁ።»

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሚስቱም፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሳቅ አመለጣት። ሲሸኙት ባዶ መርፌዎች ሰጥተው «ውሃ እየሞላህ ብርቱካን ላይ ተለማመድ» አሉት።

ያን ሳምንት ሱቁ ብርቱካን በብርቱካን ሆነ። ደንበኛ ሲጠፋ ሬዲዮ አንዱን ከመስታወቱ ሥር አስቀምጦ ይወጋል፤ አግዳሚው ላይ ያለነው ደግሞ እንፈርዳለን። «ጠመመ»፣ «ቀስ በል»፣ «ምስኪን ብርቱካን፣ ምን በደለህ?» አራተኛው ቀን ላይ እጁ ጸና። አሁን የቀረው ፊቱ ነበር፤ ለሱም መስታወቱ አለ። ጋሽ ሜዳው ከወንበሩ ሆነው ቁጥር ይጠሩለታል።

«ሦስት መቶ አሥር!»

የሬዲዮ ቅንድብ ዘለለ።

«ይሄ ፊት ለለቅሶ ቤት ነው። እንደገና። ሁለት መቶ ዘጠና!»

አሁን ደግሞ ፈገግ አለ፤ ግን ጥርሱ ታሞ ሳለ ፎቶ የሚነሣ ሰው መሰለ። ስንሞክር ስንሞክር አንዳችንም የሚሆን ፊት አላገኘንለትም። በመጨረሻ እሱው ራሱ ጣቱን ቀሰረ። «አገኘሁት። ጋሼ፣ እርስዎ ‹ከላይ ቀንሰህ ከጎን ተውልኝ› ሲሉኝ የማሳየው ፊት።»

ጋሽ ሜዳው አናታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። «ለካ ትስቅብኝ ነበር?»

«ስቄ አይተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አላየሁም።»

«ያው እሱ ፊት ነዋ!»

ቅዳሜ ምሳ ላይ የመጀመሪያውን መርፌ ልጁን ወጋ። አስተማሪዋ ራሷ ናት። ወንበር ላይ ተቀምጣ ጭኗን አሳየችው፤ እሱ ተንበረከከ።

«አባዬ፣ ዓይንህን ግለጥ እንጂ።»

«ገልጫለሁ።»

«አልገለጥክም። ሰው ስትላጭ ዓይንህን ትጨፍናለህ?»

«አልጨፍንም።»

«እኔም ሰው ነኝ።»

ገለጠ። ወጋ፤ እስከ አሥር ቆጠረ፤ ነቀለ። ልጅቷ እግሯን አወዛወዘች። «ከእማዬ ትሻላለህ። እሷ ትቸኩላለች።»

«ሰምቻለሁ!» አለች እናት ከወጥ ቤት። እሱም እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

የእናትየዋ ዕረፍት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ እንዲሆን ተስማሙ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞራ በሃያ ደቂቃ ተመለሰች። ባሏ በሩን ቆልፎ በመስኮት ብቅ አለ፦ «ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይቀርሻል።» በሁለተኛው ወደ ጓደኛዋ ቤት ሄዳ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጣላት፤ ጓደኛዋ አልቀሰቀሰቻትም። በሦስተኛው ምን እንደገባባት እንጃ፣ በአርባ ዓመቷ ብስክሌት መንዳት ልማር አለች። ጉልበቷ ተልጦ ስትመጣ ልጇ አስቀመጠቻትና ቁስሉን እያጠበች «ትንሽ ብቻ ያምሻል፣ አትንቀሳቀሺ» አለቻት። ፖስታ ቤትም ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ጃንጥላው ለጥበቃው ተመለሰ።

ሁሉ ነገር ግን ወዲያው አልጋ በአልጋ አልሆነም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ውስጥ የቤት ሥራዋን እየሠራች ሳለ፣ ልጅቷ እርሳሱን አስቀመጠች። «አባዬ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።» ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሬዲዮ የጋሽ ሜዳውን ግማሽ አገጭ ላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ ተዋቸው። ለካት፤ ሃምሳ አራት። ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። በሲስተር ትምህርት መሠረት መሳቢያው ውስጥ ለዚሁ የተቀመጠውን ጭማቂ ከፈተላት። አሁን አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ደቂቃዋ እንደ ዓመት ረዘመች።

ታዲያ ሬዲዮ ምን አደረገ? ወሬ ጀመረ። የጎረቤት ድመት የአናጢው ሙጫ ላይ ተቀምጣ ከነጣውላው እንዴት እንደሮጠች አወራት፤ ድመቷን ሆነ፤ አናጢውን ሆነ። ልጅቷ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። ጋሽ ሜዳው ከነአረፋቸው ሳቁ። መልሶ ሲለካት ዘጠና ስድስት። «ዘጠና ስድስት» አለ፣ ልክ ሰዓት እንደሚነግር ሰው። እሷም እርሳሷን አነሣች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ውሃ ሲጠጣ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር ሲንኳኳ ሰማሁት። ወጥቶም ምላጩን አነሣ። የቀረችውን ግማሽ አገጭ እየላጨ ሳለ፣ ከወራት ዝምታ በኋላ ሳያቋርጥ ማውራቱን ያስተዋልነው ያኔ ነው።

ይህን ሲስተር ሰሙ። በሳምንቱ አንድ ሌላ አናጢ ላኩበት፤ ልጁ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስኳሩ ከተገኘባት ሁለት ወር ሆኗታል። ሰውየው «ፀጉሬን ልቆረጥ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ሬዲዮ ከኋላው ቆሞ እየቆረጠ የብርቱካኑን ታሪክ አወራለት። ሰው ፊት ለፊት ሲያዩት የማይናገረውን ከኋላው ቆመው መቀስ ሲያንኮሻኩሹለት ይናገራል፤ ይህ ሬዲዮ የሚምልበት እምነቱ ነው። አናጢው ፀጉሩ ተቆርጦ ሳያልቅ ከሚስቱ ጋር ካልተነጋገረ አሥር ቀን እንደሆነው ነገረው። በቀጣዩ ሳምንት ከነሚስቱ መጣ።

ሰኞ ሱቁ ዝግ ነው። እናም ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ለእነዚህ ቤተሰቦች ሆነ። ሁለቱ ሦስት፣ ሦስቱ ስድስት እያሉ ዛሬ ዘጠኝ ቤተሰብ ደርሰዋል። ልጆቹ ተራ በተራ ፀጉራቸው ይስተካከላል። ከመለካታቸው በፊት ቁጥሩን ይገምታሉ፤ የተጠጋው ሦስት ጊዜ በወንበሩ ይሽከረከራል። ወላጆቹ አግዳሚው ላይ ይነጫነጫሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ባልና ሚስት ተራ ተካፍለው ማን በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ይጽፋሉ። የመድኃኒት መጠን የጠየቀ ሰው ግን ከሬዲዮ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «እሱን ሲስተርን። እኔ የማውቀው ፀጉርና ፊት ነው።»

ልጅቷ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ራሷን ትወጋለች፤ ደብተሯ ላይ እውነቱን ትጽፋለች፤ ባለፈው ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሁለት ቀን ጉብኝት ሄዳ መጣች። እናቷ ሻንጣዋን በሦስት ሰው ስንቅ ሞልታው ነበር፤ እሷ ደግሞ ግማሹን አልጋ ሥር ደብቃው ሄደች። አሁንም ቁጥሩ አልታዘዝ የሚልበት ቀን አለ፤ ባልና ሚስት የሚጨቃጨቁበትም ቀን አለ። ይታረቃሉ።

ባለፈው ሰኞ አንዲት አዲስ እናት መጣች። ደብተሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ቢሏት አልገባ፣ ተቀመጪ ቢሏት አልቀመጥ አለች። ከጎኗ ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ አለች። የሬዲዮ ልጅ ሄዳ ትንሿን «ጥርስሽ የት ሄደ?» አለቻት። «ዋጥኩት» አለች ትንሿ። የሬዲዮ ልጅ «ስንት ካርቦሃይድሬት አለው ብለው ጻፉት?» ስትል እናትየዋ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ከዚያም አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሬዲዮ ሚስት ጎኗ ተቀምጣ ሰዓት ሙሉ ስለ ፖስታ ቤት አወራቻት። ሲወጡ ሴትየዋ በሩ ላይ ዞረች።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?» አለች።

«ከአሥር ሰዓት ጀምሮ» አለ ሬዲዮ። «ባልሽንም ይዘሽው ነይ። ፀጉሩ አድጎ ይሆናል።»