ያልወረደችው እጅ

የዜግነት ትምህርት ቲቸራችን በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ግብር ወይም ክፍያ ለመጨመር የምክር ቤቱ ግማሽ ሲደመር አንድ ድምፅ እንደማይበቃ፣ ሁለት ሦስተኛው መስማማት እንዳለበት ሲነግሩን፣ ሳላስበው «ልክ እንደኛ እድር!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ቲቸር ግን «ጻፊውና አምጪ» አሉኝ። ይኸው እየጻፍኩት ነው፤ ደግሞ ሲጽፉት እንዴት ደስ ይላል!

የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ አባዬ ነው። አንድ ለቅሶ ላይ የአዳማ ንፋስ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ያረጀውን የእድር ድንኳን ከለቀስተኛው ራስ ላይ ገንጥሎ ወስዶ የጎረቤት ጣሪያ ላይ አሰጣው። አባዬ ያን ቀን እንዳፈረ አፍሮ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ድንኳን ሆነ። እማዬማ «በህልሙም ካስማ ይተክላል» ትላለች።

አዲስ ለመግዛት ወርሃዊ መዋጮው መጨመር ነበረበት። ደንባችን ደግሞ መዋጮ የሚጨመረው ከተሰብሳቢው ሁለት ሦስተኛው ሲስማማ ብቻ ነው ይላል። ይህን ደንብ ድሮ ተከራክረው ያስገቡት በአጥር የምንዋሰናቸው፣ እኛ ልጆቹ «አባባ» የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ወንጂ ሸንኮራ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሁሌ ባርኔጣ የማይለያቸው ሽማግሌ።

እሑድ ከሰዓት ሰፈራችን ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። እኔ ዓይኗ ጥሩ ነው ተብዬ ቆጣሪ ሆንኩ። አባዬ ስለ ድንኳኑ ተናግሮ ተናግሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ለማንም እድል ሳይሰጥ «የምትደግፉ እጅ አውጡ!» አለ።

ቆጠርኩ። ደገምኩ። «ሞልቷል! ልክ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድም አልተረፈ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አባዬ ጭኑን መታ። እጆች ሁሉ ወረዱ፤ አንዲት ብቻ ቀረች። የአባባ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያውርዱ እንጂ፤ አለፈ እኮ!» አለ አባዬ እየሳቀ።

«ምኑ ነው ያለፈው? እኔ እጄን ያወጣሁት እድል እንዲሰጠኝ ነው። አንተ መቼ ዞር ብለህ አየኸኝ?»

እኛ ሰፈር ለመናገርም ለመደገፍም የሚወጣው ያው እጅ ነው፤ እኔም አንድ ላይ ቆጥሬዋለሁ። ከኋላ አንዱ «ተቆጥሯል፣ በቃ!» ሲል፣ እማዬ ቀበል አድርጋ «የሽማግሌ እጅ ልትሰርቁ ነው?» አለችው። ሁሉም ሳቀ። አባዬ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ።

«ያለ እሳቸው እጅስ?»

«አንድ ይጎድላል፣ አባዬ።»

ድንኳኑ ከፊቱ ሲበር ታየኝ። «እንግዲያው አላለፈም» አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይናገሩ።»

በዚያች ደቂቃ አባቴን እንዴት እንደወደድኩት!

አባባ ባርኔጣቸውን አንስተው መጀመሪያ «አካም ጅርቱ?» ብለው ሁሉንም ሰላም አሉ። ከዚያ «ድንኳኑን እኔም እፈልገዋለሁ። ከዚህ ሁሉ ሰው ተራው የቀረበው ለማን ይመስላችኋል?» ሲሉ ሴቶቹ «ኧረ አይበሉ!» ብለው ተንጫጩ። «ግን እኔ በዕድሜዬ መዋጮ ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አላየሁም። ለድንኳኑ እንጨምር። ድንኳኑ ሲገዛ ግን ወደ ድሮው ይመለስ። ይህ ይጻፍና ያኔ እጄን ቁጠሩት።»

ተጻፈ። አባዬ እንደገና ሲጠይቅ የሰዉ እጅ እንደ ሸንኮራ ማሳ በቀለ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ለድጋፍ ነው ለንግግር?» አለ አባዬ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

«ለድጋፍ! አንቺ ልጅ፣ ቁጠሪ እንጂ ምን ያስቅሻል!»

ሁለት ሦስተኛው ሞልቶ ፈሰሰ።

ድንኳኑ ተገዛ፤ ወፍራም ሸራ፣ የከባድ መኪና ጭነት የሚሸፍኑበት ዓይነት። መዋጮውም በተባለው መሠረት ወደ ቦታው ተመለሰ። መጀመሪያ የተተከለው ግን ለለቅሶ አልነበረም። አባዬ ልሞክረው ብሎ ሜዳው ላይ ሲተክለው አባባ ወንበራቸውን ይዘው መጡና መሐል ቁጭ አሉ። «በሕይወት እያለሁ ልየው» አሉ።

ንፋሱ መጣ። አቧራው ተነሳ። አባዬ ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ሸራው ተነፋ፣ ተንጓጓ፣ ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን ጊዜ አባባ ከውስጥ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወጡ።

አባዬ ደነገጠ። «ምነው ጋሼ፣ ተቃውሞ አለ?»

«የለም፣ ልጄ፤ ይሄኛው ለውሃ ነው። ጠማኝ።»

ሮጬ አመጣሁላቸው።